በግምት የተነገረ እውነት

አንድ የአራተኛ ክፍል ተማሪ 48 ሲባዛ በ23 ስንት እንደሆነ ተጠይቆ «ወደ አንድ ሺህ ገደማ» ብሎ ቢመልስ፣ እውነት ተናግሯል ወይስ አልተናገረም? ትክክለኛው ብዜት 1,104 ነው። በተለመደው የአስተራረም ልማድ የዚህ ልጅ መልስ ኤክስ ይደረግበታል፤ 1,104 ብሎ የጻፈው ጓደኛው ደግሞ ከየት እንዳመጣው ሳይጠየቅ ራይት ያገኛል። ነገሩ የአንድ ማርክ ጉዳይ ይመስላል። ከሥሩ ግን ፈላስፎችም የሃይማኖት ሊቃውንትም ሲመላለሱበት የኖሩት ጥያቄ አለ፦ ሰው ሙሉ በሙሉ ያልደረሰበትን ነገር «ይህን ያህል ነው» ብሎ ሲናገር፣ ንግግሩ ከዕውቀት ይቆጠራል? ወይስ ከውሸት በአንድ ደረጃ ብቻ የሚሻል ነገር ነው? ይህ ጽሑፍ የሚሟገተው በደንብ የታሰበበት ግምት ራሱን የቻለ እውነት መሆኑን ነው። እንዲህ ያለ ግምት ከየት እስከ የት እንደሚደርስ ያውቃል፤ ወደ የትኛው ወገን እንደሚያዘነብል ያውቃል፤ ግምት መሆኑንም አይደብቅም። ስለዚህ ልጆችን የብዜት ውጤት መገመት ስናስተምር የምናስተምራቸው ከሒሳብ ያለፈ ነገር ነው። ስለሚናገሩት ነገር ኃላፊነት መውሰድን እናስተምራቸዋለን።

አስቀድሞ ግምት የምንለውን ነገር መለየት ያስፈልጋል። በዘፈቀደ አንድ ቁጥር መጥራት ግምት አይባልም፤ ዕጣ እንደ መጣል ነው። 48ን በ23 የሚገምት ልጅ 48 ወደ 50፣ 23 ደግሞ ወደ 20 እንደሚጠጋ ያያል፤ 5 በ2 10 ነው፣ ሁለቱን ዜሮዎች ሲመልስ 1,000 ይሆንለታል። አንድ እርምጃ ቢቀጥል 48 ከ40 በላይና ከ50 በታች፣ 23ም ከ20 በላይና ከ30 በታች ስለሆኑ ብዜታቸው ከ800 ሊያንስ፣ ከ1,500ም ሊበልጥ እንደማይችል ይደርስበታል። ይህ «ይመስለኛል» የሚባል ነገር አይደለም፤ ማንም የማያፈርሰው ማረጋገጫ ነው። ሌላ እርምጃ ቢጨምር ደግሞ ሲያጠጋጋ የሠራውን መመርመር ይችላል። 48ን 50 ሲያደርግ የጨመረው 2 ሃያ ጊዜ ያህል ተባዝቶ ወደ 40 ገደማ አትርፎለታል፤ 23ን 20 ሲያደርግ የቀነሰው 3 ግን ሃምሳ ጊዜ ያህል ተባዝቶ 150 ገደማ አጉድሎበታል። ጉድለቱ ከትርፉ ስለሚበልጥ እውነተኛው መልስ ከ1,000 በ100 ገደማ ከፍ ማለት አለበት። ልጁ እርሳስ ሳያነሳ 1,100 አካባቢ ደረሰ፤ የተሳሳተው በአራት ብቻ ነው።

ከጎኑ የተቀመጠውን ልጅ ደግሞ እንይ። ይህኛው በደብተሩ ላይ ወደ ታች እየጻፈ ያባዛል፦ 48 በ3 144፣ 48 በ2 96። ሁለተኛውን መስመር አንድ ቤት ወደ ግራ ማስገባቱን ረስቶ ሁለቱን ይደምርና 240 ይጽፋል። እያንዳንዱ ብዜት ትክክል ነው፤ ድምሩም ትክክል ነው፤ መልሱ ግን የእውነተኛውን ሩብ እንኳ አይሞላም። ልጁ ይህን አያይም፤ የታዘዘውን ደረጃ በደረጃ ፈጽሟልና ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። ገማቹ ልጅ ግን 240 የሚለውን ቁጥር ገና ሲያየው «ይህ ከ800 በታች ነው፣ ሊሆን አይችልም» ይላል። ከሁለቱ ስለ 48 በ23 የበለጠ የሚያውቀው ማን ነው? አንዱ የሥራውን ሕግ በቃሉ ይዟል፤ ሌላው ሕጉ ስለ ምን እንደሚናገር ያውቃል። ማወቅ ማለት መልሱን መያዝ ብቻ ቢሆን ኖሮ 1,104ን ከጎረቤቱ የገለበጠ ልጅም ባወቀ ነበር። ማወቅ ግን መልሱ ለምን ሌላ ሊሆን እንዳልቻለ ማየትን ይጨምራል፤ ይህን ማየት ደግሞ የሚጀምረው ከመጠን ግንዛቤ ነው።

ፍልስፍና ይህን ጉዳይ ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል። አርስቶትል ስለ ሥነ ምግባር በጻፈው መጽሐፍ መጀመሪያ ላይ፣ የተማረ ሰው ከእያንዳንዱ ጉዳይ የሚፈልገው ጥንቃቄ የጉዳዩ ባሕርይ የሚፈቅደውን ያህል ብቻ መሆኑን ያስረዳል። አናጢውም የጂኦሜትሪ ሊቁም የዘጠና ዲግሪ ማዕዘን ይሻሉ፤ አናጢው ግን ለሥራው እስከሚበቃው ድረስ ነው የሚሻው። ይህ ለአናጢው የተደረገ ምሕረት እንዳይመስለን። ለሥራው የሚበቃው ልክ ምን ያህል እንደሆነ ማወቁ ራሱ የአናጢው ሙያ ነው። የሲራክዩሱ አርኪሜደስ ደግሞ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዘመን ነገሩን ወደ ሒሳቡ እምብርት አስገባው። የክብ ዙሪያ ከዲያሜትሩ ጋር ያለውን ውድር፣ ማለትም ፓይን፣ ሲፈልግ፣ በክቡ ውስጥና ውጭ 96 ጎን ያላቸውን ቅርጾች አስቦ ውድሩ ከ3 ከ10/71 እንደሚበልጥ፣ ከ3 ከ1/7 ደግሞ እንደሚያንስ አረጋገጠ። ልጆቻችን ዛሬም በክፍል ውስጥ 22/7 እያሉ የሚሠሩበት ቁጥር ይኸው የአርኪሜደስ የላይኛው ድንበር ነው። ያ ውድር በክፍልፋይ ተጽፎ እንደማያልቅ በ18ኛው መቶ ዘመን ስለተረጋገጠ፣ በክፍልፋይ የሚጻፍ የመጨረሻ መልስ ከቶ አይኖረውም። አርኪሜደስ ግን ስለ ፓይ እውነት አልተናገረም የሚል ማንም የለም። ድንበሩን ያስቀመጠ ሰው እውነትን ተናግሯል፤ «ወደ አንድ ሺህ ገደማ» ያለውም ልጅ የሄደው በዚሁ መንገድ ነው።

እዚህ ላይ ከሃይማኖት ወገን ብርቱ ተቃውሞ ይነሣል። ቅዱሳት መጻሕፍት የሐሰት ሚዛንን ያወግዛሉ፤ ኦሪት ዘሌዋውያን እውነተኛ ሚዛንና እውነተኛ መስፈሪያ ይሁንላችሁ ብላ ታዝዛለች፤ ቁርኣንም በስፍር የሚያጎድሉትን አጥብቆ ይገሥጻል። ታዲያ ልጅን ከሕፃንነቱ «ገደማ» እና «ያህል» እያልን ማሳደግ ለጎደለ ስፍር ማለማመድ አይሆንም? ጥያቄው የሚናቅ አይደለም፤ ምክንያቱም በዓለም ላይ ብዙ ማጭበርበር የሚፈጸመው «ያው ነው» በሚል ቃል ተሸፍኖ ነው። ነገር ግን እነዚሁ መጻሕፍት ቁጥርን እንዴት እንደሚይዙ በቅርበት ብናይ ሌላ ነገር እናገኛለን። ኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 12 ከግብፅ የወጡትን እግረኛ ወንዶች ስድስት መቶ ሺህ ያህል ይላቸዋል። እዚያው መጽሐፍ ምዕራፍ 38 ላይ ግን ለቤተ መቅደሱ ድንኳን በነፍስ ወከፍ ግማሽ ሰቅል ብር የከፈሉት 603,550 ተብለው አንድም ሳይቀር ተቆጥረዋል። አንዱ መጽሐፍ ሁለቱንም ይናገራል፤ የመጀመሪያውን ውሸት፣ ሁለተኛውን እርማት ብሎ አያቀርብም። መንገድ የወጣን ሕዝብ ብዛት ሲነግረን ይገምታል፤ ገንዘብ ሲገባና የሰው ድርሻ ሲጠየቅ ይቆጥራል። የት እንደሚቆጠርና የት እንደሚገመት መለየትም የእውነተኛነት ክፍል ነው።

የዚያን ብር ሒሳብ ደግሞ ራሳችን እናባዛው፤ በጣም ያስተምራልና። ስድስት መቶ ሺህ ሰው እያንዳንዱ ግማሽ ሰቅል ቢከፍል 300,000 ሰቅል ይሆናል፤ መክሊቱ 3,000 ሰቅል ስለሆነ ልክ 100 መክሊት ማለት ነው። ትክክለኛው ቆጠራ 603,550 ሲሆን ብሩ 301,775 ሰቅል ይሆናል፤ ዘፀአትም በትክክል ይህንኑ፣ 100 መክሊትና 1,775 ሰቅል ብሎ ይመዘግባል። ግምቱ ከቆጠራው የጎደለው ከመቶ አንድ እንኳ በማይሞላ ነው። ከዚያም ምዕራፉ ብሩ በምን ላይ እንደዋለ ይናገራል። መቶው መክሊት ድንኳኑና መጋረጃው የሚቆሙባቸው መቶ እግሮች ሆነ፣ ለእያንዳንዱ እግር አንድ መክሊት። የቀረው 1,775 ሰቅል ለምሰሶዎቹ ኩላቦችና ለጌጣቸው ዋለ። በግምት የሚያሰላ ሰው ድንኳኑ የሚቆምባቸውን እግሮች በሙሉ አግኝቶ ነበር፤ ኩላቦቹን ለማግኘት ግን መቁጠር አስፈለገው። ሁለቱም ለማደሪያው አስፈልገዋል። ይህን ያየ አንባቢ ግምትን ከቆጠራ ጋር ማጣላት እንደማያስፈልግ ይረዳል። ግምት ዋናውን መጠን ያቆማል፤ ቆጠራ ዝርዝሩን ያሟላል። ዋናውን መጠን ሳያውቅ ዝርዝሩ ላይ የሚታገል ሰው ኩላቡን ይዞ ድንኳኑን የሚያጣ ሰው ነው።

በአገራችን ደግሞ በቁጥር ጥንቃቄ ከሚታወቁት ትምህርቶች አንዱ፣ ጾምና በዓል የሚውሉበት ቀን የሚሰላበት ባሕረ ሐሳብ ነው። ዓመቱ በ19 ዓመት ዑደት ውስጥ ያለው ተራ፣ ከአልቦ (ከዜሮ) ጀምሮ ሲቆጠር፣ ወንበር ይባላል፤ የጨረቃና የፀሐይ አቆጣጠር የሚለያዩበት የዓመቱ አበቅቴ ደግሞ የሚገኘው ወንበሩ በ11 ተባዝቶ ለ30 ሲካፈል ከሚቀረው ነው። 11 ከየት መጣ? አሥራ ሁለት የጨረቃ ወራት ከፀሐይ ዓመት ስለሚያንሱ ነው፤ ልዩነቱ ግን በትክክል ሲለካ 10.88 ቀን ገደማ ነው። የጨረቃ ወርም 29.53 ቀን ገደማ እንጂ ሙሉ 30 አይደለም። የጥንት ሊቃውንት ሁለቱንም ወደ ላይ አጠጋጉ። ውጤቱን እንመልከት፦ በ19 ዓመት ውስጥ 19 ሲባዛ በ11 209 ይሆናል፤ ልዩነቱን ለመሙላት የሚገቡት ሰባት ተጨማሪ የጨረቃ ወራት በ30 ሲባዙ 210 ናቸው። የቀረችው አንዲት ቀን ናት። እርሷም አትጠፋም፤ ወንበር 18 ሲሆን አበቅቴ 18 ነው፣ በተከታዩ ዓመት 29 መሆን ሲገባው ወንበሩ ወደ አልቦ ስለሚመለስ አበቅቴም አልቦ ይሆናል፣ ዑደቱም እንደገና ይጀምራል። ሁለት ማጠጋጋቶች እርስ በርስ ተካክሰው፣ የተረፈው በታወቀ ቦታ ተስተካክሎ፣ በጨረቃና በፀሐይ መካከል የሚቀረው ስሕተት በ19 ዓመት ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ብቻ ሆነ። 48ን ወደ ላይ፣ 23ን ወደ ታች አጠጋግቶ ትርፍና ጉድለቱን ያመዛዘነው ልጅ የሠራው ሥራ ከዚህ የተለየ ዘር የለውም። የፀሐይ ዓመትንም 365 ቀን ከ15 ኬክሮስ፣ ማለትም ከሩብ ቀን ጋር ማድረግ በዓመት ወደ 11 ደቂቃ ያስተርፋል፤ በ1582 እ.ኤ.አ. በሮም የወጣው የጎርጎርዮስ አቆጣጠርም ቢሆን በዓመት ጥቂት ሰከንዶች ይተርፉታል። ፍጹም የሆነ የሰው አቆጣጠር የለም። ጾሙና በዓሉ የሚውልበት ቀን በእንዲህ ያለ ጥንቃቄ በተሠራ ማጠጋጋት ላይ ከቆመ፣ ማጠጋጋት በራሱ ለእምነት እንግዳ ነው ማለት አይቻልም።

ከዚህም የሚጠልቅ ሃይማኖታዊ ምክንያት አለ። ወንጌል የራስ ጠጉራችን እንኳ የተቆጠረ መሆኑን ይነግረናል፤ መዝሙረ ዳዊት ከዋክብትን የሚቆጥረውና በየስማቸው የሚጠራው እግዚአብሔር መሆኑን ያስተምራል፤ ቁርኣንም አላህ ነገሩን ሁሉ በቁጥር ያካተተ መሆኑን ይናገራል። የሁሉን ነገር ቁጥር ያለ ጉድለት ማወቅ የፈጣሪ ነው። ፍጡር የሆነው ሰው ግን የሚያየው ከቆመበት ቦታ ሆኖ፣ በተሰጠው ጊዜና አቅም ነው። ለእንዲህ ያለ ፍጡር ትሕትና ማለት ምንም አላውቅም ብሎ እጅ ማጣጠፍ አይደለም፤ እንዲያ ያለው ሰው የተሰጠውን መክሊት መሬት ውስጥ ቀብሯል። ሁሉን አውቄ ጨርሻለሁ ማለትም ትዕቢት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ «እስከዚህ ድረስ አውቃለሁ፣ ከዚህ አያንስም፣ ከዚህ አይበልጥም» ማለት ነው። ግንብ ሊሠራ የሚያስብ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ለመጨረሻው የሚበቃ ገንዘብ እንዳለው እንዲያሰላ በሉቃስ ወንጌል የተነገረው ምሳሌ ይህንኑ ይጠይቃል። ያ ሰው ሥራውን ሳይጀምር የመጨረሻውን ሳንቲም ሊያውቅ አይችልም፤ መገመት ግን ይጠበቅበታል፤ ሳይገምት ጀምሮ ቢያቆም መሣለቂያ የሚሆነው ራሱ ነው።

ግምት ለሰው ልጅ ከውጭ የመጣ ነገር አለመሆኑን የዘመናችን ምርምርም ያሳያል። በ2004 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በብራዚል አማዞን የሚኖሩትን የሙንዱሩኩ ሕዝቦች ተመልክቷል። ቋንቋቸው ከአምስት ገደማ በላይ ለሆነ ቁጥር የተለየ ስም የለውም። ትክክለኛ ቁጥር የሚጠይቅ መደመርና መቀነስ ከአራትና ከአምስት ሲያልፍ ይቸገራሉ፤ ብዙ ነጥቦች ካሉባቸው ሁለት ክምችቶች የትኛው እንደሚበልጥ ሲጠየቁ፣ ወይም ሁለቱ ቢደመሩ ከሦስተኛው ይበልጡ እንደሆነ ሲጠየቁ ግን ከተማሩ ፈረንሳውያን ብዙም አያንሱም። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1999 እ.ኤ.አ. ተመራማሪው ስታኒስላስ ደሃንና ባልደረቦቹ ሩስያኛና እንግሊዝኛ በሚናገሩ ሰዎች ላይ ባደረጉት ጥናት፣ በአንዱ ቋንቋ የተለማመዱት ትክክለኛ ስሌት ወደ ሌላው ሲሻገር ሲዘገይ፣ የግምት ስሌት ግን ያለ ምንም ኪሳራ ተሻግሯል። የማባዛት ሰንጠረዥ በቋንቋ ይገባል፤ የመጠን ስሜት ግን ሰው ሆኖ ከመፈጠር ጋር የተሰጠ ነው። እንግዲህ ልጅ ወደ ትምህርት ቤት የሚመጣው ይህን ስጦታ ይዞ ነው። የትምህርት ቤት ድርሻ ስጦታውን ከምልክቶቹ ጋር ማገናኘት ነው፤ ሳያገናኝ ሲቀር ምን እንደሚሆን ደግሞ በአሜሪካ አገር በ1977 እና 78 እ.ኤ.አ. የተካሄደው ብሔራዊ ምዘና አሳይቷል። 12/13 ሲደመር 7/8 ለየትኛው ቁጥር ይቀርባል ተብለው የ13 ዓመት ልጆች ሲጠየቁ የቀረቡላቸው ምርጫዎች 1፣ 2፣ 19 እና 21 ነበሩ። ሁለቱም ክፍልፋዮች ለአንድ የቀረቡ ስለሆኑ መልሱ 2 ነው። ይህን የመረጡት ግን 24 በመቶ ብቻ ናቸው፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ላዕሎቹን ወይም ታህቶቹን ደምረው 19 ወይም 21 አሉ። እነዚህ ልጆች መደመር አላቃታቸውም። ያጡት ቁጥሩ የሚያወራውን ነገር ዞር ብሎ የማየት ልማድ ነው።

«ዛሬ እኮ በየእጃችን ስልክ አለ፣ ካልኩሌተር አለ፤ ትክክለኛውን መልስ በአንድ ሰከንድ እያገኘን ለምን እንገምታለን?» የሚል ሌላ ተቃውሞ ይመጣል። መሣሪያው የተጫነበትን ቁልፍ እንጂ የታሰበውን ቁጥር አያውቅም። አንድ ዜሮ ከተጨመረበት 11,040 ይላል፤ ያለ እፍረት፣ ያለ ጥርጣሬ፣ እንደ ትክክለኛው መልስ በዚያው ጥራት ያሳየዋል። ያን ጊዜ «ይህ ሊሆን አይችልም» የሚል ሰው ከሌለ ስሕተቱ ወደ ደረሰኝ፣ ወደ መድኃኒት መጠን፣ ወደ ሕንፃ ሥራ ያልፋል። ግምት ሁሉን ስሕተት ይይዛል አልልም፤ 1,104ን 1,094 ብሎ ለተሳሳተ ልጅ አይደርስለትም፤ ለዚያ እንደገና መሥራትና ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ትልቁን ስሕተት ግን ይይዛል፤ ሰውን የሚጎዳው ደግሞ ብዙ ጊዜ ትልቁ ነው። መሣሪያዎቻችን ይበልጥ ፈጣን በሆኑ ቁጥር የእኛ ድርሻ ከመሥራት ወደ መፍረድ ይዛወራል። መፍረድ የማይችል ሰው እጅ ላይ የወደቀ ፈጣን መሣሪያ ስሕተትን ያፋጥናል እንጂ ዕውቀትን አይጨምርም።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከመምህራን በኩል ይሰማል፦ ግምት ብዙ መልስ ስላለው ልጆችን ያደናግራል፤ አንዱ 1,000 ቢል፣ ሌላው 1,150፣ ሦስተኛው 1,200 ቢል ማንን እናርማለን? ሁሉም ልክ ከሆነ ልክ የሚባል ነገር ቀረ ማለት አይደለም? አይደለም። ብዙ መልስ ተቀባይነት ማግኘቱ ማንኛውም መልስ ተቀባይነት ያገኛል ማለት አይደለም። 50 በ23 ብሎ 1,150 ያለው ልጅ መልሱ ከእውነቱ ከፍ እንደሚል ያውቃል፤ አንዱን ብቻ ወደ ላይ አጠጋግቷልና። 48 በ20 ብሎ 960 ያለውም መልሱ ዝቅ እንደሚል ያውቃል። ሁለቱም ምክንያታቸውን ሊናገሩ ይችላሉ፤ ምክንያታቸውም ሊመረመር ይችላል። 3,000 ያለ ልጅ ግን ምንም ዓይነት ምክንያት ሊያቆመው አይችልም። ስለዚህ ግምት ከእውነት ሕግ ውጭ አልወጣም፤ እንዲያውም ጠበቅ ያለ ሕግ አለው፦ መልስህን ከነምክንያቱና ከነድንበሩ አምጣ። በሕይወት ውስጥ የሚገጥሙን ከባድ ጥያቄዎችም አብዛኞቹ እንዲህ ያሉ ናቸው። ከአንድ በላይ የሚያስኬድ መልስ አላቸው፤ ፈጽሞ የማያስኬዱ መልሶችም አሏቸው። ይህን ልዩነት በልጅነቱ በቁጥር የተለማመደ ሰው፣ ሲያድግ «ሁሉም ያው ነው» ከሚለውም «ከእኔ መልስ በቀር ሌላ የለም» ከሚለውም ወጥመድ ያመልጣል።

ከሁሉም የሚከብደው ተቃውሞ ግን የፍትሕ ነው። ግምት በጉልበተኛ እጅ ሲገባ መሣሪያ ይሆናል። በ2009 ዓ.ም. በአገራችን ለግብር ሲባል በአነስተኛ ነጋዴዎች ላይ የተካሄደው የቀን ገቢ ግምት ምን ያህል ቅሬታ እንዳስነሣ፣ በኦሮሚያና በሌሎች አካባቢዎች ሱቆች እስከ መዘጋት እንዳደረሰ የሚታወስ ነው። ሒሳቡ ለምን እንዳስቆጣ ለመረዳት የማባዛትን ጠባይ ማወቅ በቂ ነው። የአንድ ቀን ሽያጭ 200 ብር ብቻ ከፍ ተደርጎ ቢገመት፣ ዓመቱን በ300 የሥራ ቀን ስናባዛው ስሕተቱ 60,000 ብር ይሆናል። በቀን ሲታይ ትንሽ የሚመስለው ማጠጋጋት በብዜት ውስጥ አልፎ የአንድ ቤተሰብ ኑሮ ያህላል። ይህ ግን ግምትን እንድንተው አያስገድድም፤ መዝገብ ያልያዘን ነጋዴ ሌላ በምን እናስከፍለዋለን? የሚያስገድደን የግምትን ሥነ ምግባር እንድንማር ነው። በዚህ ረገድ ከእስልምና ታሪክ ግሩም ምሳሌ አለ። ለዘካና ለድርሻ ሲባል በዛፍ ላይ ያለ ተምር ሳይለቀም ይገመት ነበር። ነቢዩ ሙሐመድ ባልደረባቸውን ዐብደላህ ኢብኑ ረዋሓን ለዚህ ሥራ ኸይበር ወደሚባለው ስፍራ ልከውታል፤ እርሱም ከገመተ በኋላ ለገበሬዎቹ ምርጫ ይሰጣቸው እንደነበር ተዘግቧል፦ በዚህ ግምት እናንተ ውሰዱት፣ ካልሆነም በዚሁ ግምት እኔ ልውሰደው። በሌላ ሐዲስም ገማቾች ከገመቱት ላይ ሲሶውን፣ ካልሆነ ሩቡን ለባለቤቱ እንዲተዉ ታዘዋል። እነዚህ ሁለት ሕጎች ሙሉ የግምት ሥነ ምግባር ናቸው። የመጀመሪያው፣ በራስህ ላይ ቢደርስ የማትቀበለውን ግምት በሌላው ላይ አትጫን ይላል። ሁለተኛው፣ መሳሳትህ አይቀርምና ስሕተትህ ወደ ደካማው ወገን ያድላ ይላል። ወደ ላይ ማጠጋጋትና ወደ ታች ማጠጋጋት በደብተር ላይ እኩል ቢመስሉም፣ በሰዎች መካከል ግን አንዱ ቸርነት፣ ሌላው በደል ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ አግኝቷል። «ወደ አንድ ሺህ ገደማ» ያለው ልጅ አልዋሸም። ውሸት የሚሆነው ግምቱን እንደ ቆጠራ ቢያቀርበው፣ ወይም መቁጠር የሚገባውን የሰው ገንዘብ በግምት ቢያልፈው ነበር። ምክንያቱንና ድንበሩን ይዞ እስከተናገረ ድረስ ግን የተናገረው ለሰው ልጅ የተሰጠውን ዓይነት እውነት ነው። ስለዚህ ለመምህራንና ለወላጆች የማቀርበው ልመና ግልጽ ነው። ልጁ እርሳሱን ከማንሳቱ በፊት «ስንት የሚደርስ ይመስልሃል? ለምን?» ብላችሁ ጠይቁት። ብዙ ተማሪዎች ገምቱ ሲባሉ መጀመሪያ በትክክል አባዝተው ከዚያ መልሱን ያጠጋጋሉ፤ ይህ ግምት ሳይሆን የታዘዙትን መምሰል ነውና፣ ግምቱ ከሥራው በፊት በቃል ይነገር። መልሱ ከወጣ በኋላም «ግምትህ ከፍ አለ ወይስ ዝቅ? ለምን?» በሉት። በማረሚያው ላይ ለምክንያቱ ማርክ ስጡ። ልጁ ሲያድግ ዋጋ የሚተምን፣ ግብር የሚወስን፣ በጀት የሚያወጣ፣ በሌላው ላይ የሚፈርድ ሰው ይሆናል። ያን ጊዜ «ይህን ያህል ነው፣ ልሳሳት የምችለው በዚህን ያህል ነው፣ ብሳሳትም የምጎዳው እኔ ልሁን» ማለት የሚችል ሰው እንዲሆን ከፈለግን፣ ትምህርቱ መጀመር ያለበት ዛሬ በአራተኛ ክፍል የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ነው።